ዘፈን በጌጡ ወይስ በቃሉ?

በሕዝብ ፊት የተቀዳ ዘፈን በስቱዲዮ ከተሠራው ሁልጊዜ ያንሳል የሚሉ ሰዎች አሉ። በእነርሱ አስተያየት የታዳሚው ሳልና የብርጭቆው ኳኳታ ጒድፍ ነው፤ ባለሙያ የሆነ ሰው ጒድፉን ያነጻል፤ የጐደለ በመሰለውም ስፍራ ቫዮሊንና መዘምራን ይጨምራል። እኛ ይህን አሳብ አንቀበለውም። የማንቀበለውም በስሜት ሳይሆን በማስረጃ ነው።

ማስረጃችን የአሜሪካዊው ዘፋኝና የዘፈን ደራሲ የታውንስ ቫን ዛንት ሥራ ነው። ይህ ሰው በ1944 ዓ.ም. (ዘመኑን የምንቈጥረው ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ነው) በቴክሳስ፣ በፎርት ወርዝ ከተማ ተወልዶ በ1997 ዓ.ም. ያረፈ ነው። ካንትሪ የሚባለውን የአገሩን የገጠር ዜማ ከፎክና ከብሉዝ ጋር እያዋሐደ፣ ግጥሙንም ዜማውንም ራሱ ይደርስ ነበር። ዳሩ ግን በ1968 ዓ.ም. የወጣውን የመጀመሪያውን ሸክላ ያዘጋጁለት ሰዎች ቃሉን በአጃቢ ድምፅ ብዛት ሸፈኑት። እርሱም ከእነዚያ ዘፈኖች አንዳንዶቹን በ1969 ዓ.ም. በወጣው ሸክላ ላይ ጌጡን ቀንሶ እንደ ገና ቀዳቸው። ለመሆኑ ሰው ያማረበትን ልብስ ስለ ምን ያወልቃል?

ከዚያ በኋላ፣ በ1973 ዓ.ም. በጁላይ ወር፣ በሂውስተን ከተማ ኦልድ ኳርተር በሚባል ጠባብ መጠጥ ቤት፣ ያለ አንድ አጃቢ በጊታሩ ብቻ ሲዘፍን ተቀዳ። ይህም ቅጂ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1977 ዓ.ም.፣ በሁለት ሸክላ ታተመ። ሲጀምር አስተዋዋቂው ስልኩና መጸዳጃ ቤቱ በየት በኩል እንደ ሆነ ለታዳሚው ሲናገር ይሰማል፤ ዘፋኙም በመካከል ቀልድ ይናገራል። ዘፈኑ በተጀመረ ጊዜ ግን ቤቱ ጸጥ ይላል። ያን ጸጥታ ያመጣው መሣሪያ አይደለም፤ ቃሉ ነው እንጂ። ተቃዋሚዎቻችን ጒድፍ የሚሉት ድምፅም የዚህ ጸጥታ ምስክር ነው፤ ሲንኳኳ የነበረው ብርጭቆ ዝም ማለቱን የምናውቀው አስቀድሞ ሲንኳኳ ስለ ሰማነው ነው።

«ፓንቾ ኤንድ ሌፍቲ የተባለው ዘፈኑ በ1983 ዓ.ም. በካንትሪ ዘፈኖች ተራ አንደኛ የወጣው ዊሊ ኔልሰንና መርል ሃጋርድ በሙሉ አጀብ ስለ ዘፈኑት አይደለምን?» ይሉን ይሆናል። እውነት ነው፤ አጀቡ ዘፈኑን ሩቅ አድርሶታል። ነገር ግን ያው ዘፈን አስቀድሞ በዚያች ጠባብ ቤት በአንድ ጊታር ብቻ ቆሞ ነበር። በቅሎ መንገደኛውን ከአገር አገር ታደርሰዋለች እንጂ አትወልደውም።

በስቱዲዮ የሚሠራ ሁሉ ከንቱ ነው፣ ጭብጨባ የሚሰማበትም ሁሉ እውነተኛ ነው ማለታችን አይደለም። በጭብጨባ ብቻ የተሞላ ባዶ ሸክላም ሞልቷል። የምንለው፣ ጌጥ ከመጨመሩ አስቀድሞ ቃሉና ዜማው ለብቻቸው ይፈተኑ ነው።

ይህን ፍርድ ለወጣቶች የሚያስተምሩ መምህራን፣ ለሥነ ጥበብም ገንዘብ የሚመድቡ ሹማምንት ሊያስቡበት ይገባል። ደራሲ በአንድ መሣሪያ ብቻ ሲቀርብ «ሥራው ገና አላለቀም» ብለን የምንመልሰው ከሆነ፣ ባለቀለት ሥራ ላይ ሌላ ሸክም መጫናችን ነው። አስቀድመን እንስማው፤ መጨመር ካስፈለገም ከዚያ በኋላ ይጨመርለት።