ማንም ያልገዛን ባሮች

ባለፈው ሰሞን ከሰዓት በኋላ ኤረር በር ሥር ተቀምጬ ነበር። ጫት ሻጮቹ እንደ ልማዳቸው ይጯጯሃሉ፣ ማገዶ የጫኑ አህዮች በበሩ ይገባሉ፣ ባጃጁ በመሃላቸው ይሹለከለካል። አጠገቤ ሦስት ወጣቶች ስለ ኑሮ ውድነትና ስለ መንግሥት ይከራከራሉ። አንደኛው ምርር ብሎት "በዚህ አገር ነፃነት ብሎ ነገር የለም" ሲል፣ ሌላው ቱግ አለና "አቦ ተወን! ኢትዮጵያ እኮ ነው የምትለው! እኛን ማን ገዝቶን ያውቃል?" ብሎ አፉን አስያዘው። ክርክሩም በዚያው አለቀ። አድዋ ከተጠራ በኋላ ማን ደፍሮ ይናገራል?

እኔ ግን ቤቴ እስክገባ ድረስ "ማን ገዝቶን ያውቃል?" የሚለው ቃል ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ይህን መልስ የሆነ ቦታ አውቀዋለሁ። የት ነው ያየሁት? ብዬ ሳሰላስል ትዝ አለኝ፤ የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 8 ላይ ነው። ክርስቶስ እውነት ነፃ እንደምታወጣቸው ለሰሚዎቹ ሲነግራቸው፣ ሰዎቹ ደስ በመሰኘት ፈንታ ተቆጡ። እኛ የአብርሃም ዘር ነን፣ ማንም ገዝቶን አያውቅም፣ ምን ነፃ መውጣት ያስፈልገናል? የሚል ነበር መልሳቸው። ልብ በሉ አንባብያን! ይህን የሚሉት የሮማ ወታደር በየመንገዱ ቆሞባቸው፣ ለቄሣር ግብር እየከፈሉ ነው። ጌታ ግን ሮማን እንኳ አላነሳባቸውም። ከሮማ የቀረበ፣ እዚያው ደረታቸው ውስጥ የተቀመጠ ጌታ እንዳላቸው ነው የነገራቸው። በመጨረሻም ሊወግሩት ድንጋይ አነሱ።

እኛም ድንጋይ ማንሳት እንችልበታለን። እስቲ ድንጋዩን ለጊዜው እናቆየውና እንነጋገር። የእኔ ክርክር አጭር ነው፦ ይህ ሕዝብ ከውጭ ጌታ ራሱን ነፃ አድርጎ ከኖረ ብዙ ዘመኑ ነው፤ ከፍርሃት፣ ከሐሰት፣ ከሆዱና ከጥላቻው ግን አንድም ቀን ነፃ ወጥቶ አያውቅም። ይህ ሁለተኛው ነፃነት እስካልመጣ ድረስ የመጀመሪያው ባዶ ፉከራ ነው።

ኤረር በር ራሱ ይመስክር። የጀጎልን ግንብ በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር አሠሩት፤ ጥንት አምስት በሮች ነበሩት። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በ1847 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1855) የገባው በዚሁ በምሥራቁ በር ነው። በሮቹ ማታ ማታ ይዘጉ ነበር። ነገር ግን በግንቡ ሥር ለጅብ ተብለው የተተዉ ቀዳዳዎች አሉ፤ ሐረሪዎች "ወራባ ኑዱል" ይሏቸዋል። ሰው በሩን ጠርቅሞ ሲተኛ ጅቡ በቀዳዳው ሲገባና ሲወጣ ያድራል። ሐረር ይህን ያደረገችው አውቃ ነው፤ ጅቡ ቆሻሻዋን ያጸዳላታል። እኛ ግን እንደ አገር የድንበራችንን በር በደማችን ዘግተን፣ ሰው ለሚበላው ጅብ ከውስጥ ቀዳዳ ትተንለታል።

ማስረጃ ትፈልጋላችሁ? ከራሳችን እጀምራለሁ፣ ከእኛ ከክርስቲያኖቹ። ሐረር ሌላ ሌላው ንግዷ እንዳለ ሆኖ የባሪያ ገበያም ነበረች፤ ሰው እንደ ቡናው በሲራራ ነጋዴ እየተነዳ ወደ ዘይላና ወደ በርበራ ይወርድ ነበር። በ1879 ዓ.ም. በገና ሰሞን ጨለንቆ ላይ አሚር አብዱላሂ ድል ሆነው ምኒልክ ከተማይቱን ያዙ። ታዲያ የነፃነት ወንጌል የያዘው ሠራዊት ገብቶ ለባሪያው ነፃነት ሰጠው? የለም። ፈረስ መጋላ ላይ ግብጾች ከሠሩት መስጊድ ስፍራ የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ተሠራ፤ ባርነቱ ግን ባለበት ቀጠለ።

በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ "ባሪያ አንሆንም" ብለን ዓለምን ጉድ አሰኘን። አድዋን ላጣጥል አይደለም፤ እኔም የኮራሁበት ነው። ግን እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ከዚያ ጦር ሜዳ በድል ከተመለሱት መኳንንት ብዙዎቹን በደጃቸው የተቀበላቸው የገዛ ባሪያቸው ነው። ባርነትን የሚገታ አዋጅ የወጣው መጋቢት 1916 ዓ.ም. ነው፤ እሱም በዚያው ዓመት የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ስንሆን ፈረንጅ ዓይኑን ስላፈጠጠብን ጭምር ነው። ባርነት በሕግ ጨርሶ የተከለከለው ነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነው። ከአድዋ በኋላ 46 ዓመት! እነዚያን 46 ዓመታት ሙሉ በየቤተ ክርስቲያኑ ሲቀደስ፣ ሲቆረብ፣ ሲጾም ነበር። ፍትሐ ነገሥቱም ቢሆን ሰው በተፈጥሮው ነፃ ነው ይልና፣ ዞር ብሎ በጦርነት የተማረከውን ባሪያ ለማድረግ ይፈቅዳል። ሊቃውንቱ ይህን ያውቁታል፤ ሲሰብኩት ግን ሰምቼ አላውቅም።

ይህን ሁሉ የማነሳው የሞተን ሰው ለመውቀስ አይደለም። ለባርነቱ ማን ንስሐ ገባ? ብዬ ለመጠየቅ ነው። አዋጅ ወጣ፣ ንስሐ ግን አልተገባም። ከዚያ ወዲህም ልማዳችን ይኸው ሆኗል። በ1966 ዓ.ም. "ነፃ ወጣን" ተባለ፤ ብዙም ሳይቆይ የወጣቱ ሬሳ በየመንገዱ ተጣለ። በ1983 ዓ.ም. ደግሞ "ነፃ ወጣን" ተባለ፤ የትናንቱ የአብዮት ጠባቂ አንዳንዱ ኮፍያውን ቀይሮ በአዲሱ ድርጅት ስም ሰብሳቢ ሆነ። በ2010 ዓ.ም. እስረኞች ተፈቱ፣ ስደተኞች ተመለሱ፣ በእንባ ተቃቀፍን፤ ሦስት ዓመት ሳይሞላ ጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜን ወንድም ከወንድሙ ጋር ተፋጀ። ሦስቱንም ጊዜ ጌታ ተለወጠ እንጂ ባሪያው አልተለወጠም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው ነገሩ፤ ጅቡ ሳለ ግን ውሻው የት ነበር?

ውሻው የት እንደነበር ልንገራችሁ፤ አንዱ እኔ ነበርኩ።

በ1994 ዓ.ም. ግድም፣ ስሙን በማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጣሪ ነበርኩ። የሒሳብ ክፍል ባልደረባችን አንድ የሐሰት ደረሰኝ ላይ አልፈርምም አለ። ጉዳዩን ሁላችንም እናውቀዋለን። በወሩ "ግምገማ" ተጠራ። ስለ ደረሰኙ ማንም ትንፍሽ አላለም፤ ሰውዬው "ጠባብ" ነው ተባለ፣ "ከፀረ ሰላም ኃይሎች ጋር ይገናኛል" ተባለ። በመጨረሻ "ውሳኔውን የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ" ሲባል አንገቴን ደፍቼ እጄን አወጣሁ። ማንም ሽጉጥ አልደገነብኝም። የፈራሁት የደረጃ ዕድገቴን ነበር፤ እውነቱ ይኸው ነው። በማግሥቱ እሑድ አስቀደስኩ፣ ጸበል ጠጣሁ፣ መስቀል ተሳለምኩ። ምን ቸገረኝ?

ሰውዬው ከሥራ ተባረረና ከኤረር በር ብዙም ሳይርቅ አነስተኛ ሸቀጥ ዘርግቶ ልጆቹን አሳደገ። እኔ በዚያ መንገድ ማለፍ ትቼ በሌላ በር እየዞርኩ እገባ ጀመር። የገዛ ከተማዬ በር ተዘጋብኝ ማለት ነው። ነፃ ሰው ማን ነበር? እሱ ነው ወይስ እኔ? ይቅርታ ለመጠየቅ የሄድኩት ከ11 ዓመት በኋላ ነው። ብዙ ቃል አዘጋጅቼ ነበር፤ ጠፋብኝ። "የኃላፊውን እጅ ጠብቄው ነበር፤ ያንተን ግን አልጠበቅኩም" አለኝና ዱካ አቀረበልኝ። እስላም ነው፤ ክርስቲያኑ እኔ ነኝ። ይቅርታን ያስተማረኝ ግን እሱ ነው።

በዚህ አገር ሙሉ ነፃነት የነበራቸውን ሰዎች ጥሩ ብባል የምጠራቸው የታሰሩትን ነው። አቡነ ቴዎፍሎስን እዚህ ሐረር ያውቋቸዋል፤ በ1940 ዓ.ም. ካይሮ ላይ ከተቀቡት አምስት ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ ሆነው የሐረርን ሀገረ ስብከት የመሩ አባት ናቸው። ኋላ ፓትርያርክ ሆኑ። ደርግ ሳይፈቅድ ጳጳሳትን ሾሙ ተብለው የካቲት 1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ወርደው ታሰሩ፤ በ1971 ዓ.ም. ክረምት በድብቅ ተገደሉ። በዚያው ክረምት፣ ሐምሌ 21 ቀን፣ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ታፍነው ተገደሉ። የታንዛኒያው ኔሬሬ ከአገር የሚወጡበትን መንገድ ቢያመቻቹላቸው፣ ምእመኖቼን ጥዬ አልሄድም ብለው የቀሩ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ፀሐይ ቶሎሳም 10 ዓመት ያህል ታሰሩ። የሁለቱም አባቶች አፅም ወጥቶ በክብር የተቀበረው ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም. ነው።

አንዱ ኦርቶዶክስ፣ አንዱ ፕሮቴስታንት፤ አንዱ ከጎጃም፣ አንዱ ከወለጋ። ያን ጊዜ ጠመንጃ የያዘው፣ መኪና የያዘው፣ ቤተ መንግሥት የተቀመጠው ሁሉ ከበላዩ ያለውን እየፈራ ያድር ነበር። እነዚህ ሁለቱ ግን "እምቢ" ማለት ይችሉ ነበር። ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች ሲጽፍ፣ ነፃነት ለሥጋ ፈቃድ ምክንያት ሳይሆን ለወንድም ማገልገያ የተሰጠ ነው ያለው ይህን ነው። ነፃነት የፈለግኩትን የማደርግበት ፈቃድ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ቄስ ጉዲና ወጥተው መሄድ ነበረባቸው።

ዛሬስ? የዛሬውን አታንሱት! ያ ደም ከፈሰሰ በኋላ፣ የሰሜኑ ጦርነት ሲጀመር ከየመድረኩ ሰላምን ሳይሆን ድልን የሰበከው ጥቂት አይደለም። በየአዳራሹ "ነቢይ ነኝ" ባዩ ዘይትና ውሃ ይቸበችባል፤ ለባለሥልጣን ሹመት ይተነብያል። ጥር 2015 ዓ.ም. ላይ የጳጳስ ሹመት በብሔር ተከፍሎ ቤተ ክርስቲያን ለሁለት ልትሰነጠቅ ስትል አየን፤ ምእመናን ደማቸው ፈሰሰ። ጨው አልጫ ከሆነ በምን ይጣፈጣል?

"አንተ ሰውዬ፣ ሕዝቡ ዳቦና ሕግ ሲፈልግ ንስሐ ትሰብካለህ፤ ገዢዎቹን ከተጠያቂነት ልታወጣቸው ነው" የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። በጭራሽ! ገዢዎች የሚፈሩት እጁን ለሐሰት አላወጣም የሚለውን ሰው ነው፤ የሚሳደበውንማ ነገ በሹመት ይገዙታል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል እያለ የሚተርት ሕዝብ ሌባ ቢገዛው ለምን ይደነቃል? ሕግ ያስፈልጋል፣ ነፃ ፍርድ ቤት ያስፈልጋል፣ ነፃ ጋዜጣ ያስፈልጋል። ግን ዳኛው፣ መርማሪው፣ ጋዜጠኛው ከየት ነው የሚመጣው? ከእኛው ቤት አይደለም እንዴ? ሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጽድቋል። እሰየው! ነገር ግን "ተበደልኩ" ባይ ሚሊዮን በሆነበት፣ "በደልኩ" ባይ አንድ በጠፋበት አገር ያ ፖሊሲ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ቀራጩ ዘኬዎስ ክርስቶስ ቤቱ ሲገባ ስለ ነፃነት ንግግር አላደረገም፤ የቀማውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። በሐሰት የመሰከርክ ሂድና ቃልህን መልስ። ጉቦ የበላህ ለባለቤቱ መልስ። ጳጳሱም ፓስተሩም ለመኪና ብላችሁ ዝም ያላችሁበት ቀን ይቁጠራችሁ፤ በዐውደ ምሕረት ቆማችሁ "ዝም ብለን ነበር" በሉ። ለጎረቤታችን ለእስላሙም የእኛን በደል ሳናድበሰብስ እንንገረው። የአገር ግብረ ገብ የሚታደሰው በመፈክር ሳይሆን እንዲህ በየደጁ ነው።

ለዚያ ወጣትም መልስ አለኝ፤ ያን ዕለት አልነገርኩትም። ወንድሜ፣ ጣሊያን አድዋ ላይ ሊገዛን አልቻለም፤ እውነት ነው። እኔን ግን አንዲት የደረጃ ዕድገት 11 ዓመት ገዝታኛለች። አንተንስ ማን ገዝቶሃል?

ቸር ይግጠመን!