ኮከብ ቆጥረን አንመርጥም

በዚህ በገዳሪፍ ጣቢያችን አንዳንድ ወገኖች «ኮሚቴውን የጦር ትምህርት ቤት የጨረሰ መኮንን ይምራው፤ አመራር የተማረ እሱ ነው» ይላሉ። እኛ መምህራን አንስማማም።

ሆለታ ገነት በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች አሠልጣኝነት ተከፈተ። ጠላት ሲገባ ዕጩ መኮንኖቹ በጥቁር አንበሳ ጦር ተሰልፈው ተዋግተዋል፤ ይህን የሚክድ የለም። ሆኖም መዋጋት ሌላ፣ ሕዝብ መምራት ሌላ። ሙሉጌታ ቡሊና መንግሥቱ ንዋይ ሁለቱም የሆለታ ልጆች ነበሩ። በታኅሣሥ 1953 አንደኛው በሌላው መፈንቅለ መንግሥት ታግቶ ተገደለ፤ ሌላውም በዚያው ዓመት ተሰቀለ። ተፈሪ በንቲና መንግሥቱ ኃይለ ማርያምም ከዚያው ከሆለታ ወጡ፤ በጥር 1969 ሊቀ መንበሩን ያስገደለው ምክትሉ ነው። ይኸው ሰው በ1982 ጄኔራሎቹን ረሸነ፤ በግንቦት 1983 ሠራዊቱን ሜዳ ላይ ጥሎ ወደ ዚምባብዌ በረረ። አለቃ ያጣው ወታደርስ? ስንቱ በከሰላ በኩል ተሻግሮ፣ ጠመንጃውን አስረክቦ፣ እንደ እኛው ስደተኛ ሆነ!

ማዘዝ ተምረዋል፤ ለበታች መልስ መስጠትን ግን ማን አስተማራቸው?

መኮንን የነበረ ይወዳደር፤ አንከለክልም። ነገር ግን እንደማንኛችንም እጅ ተቆጥሮ ይመረጥ፤ የራሽኑንም መዝገብ በየወሩ በሕዝብ ፊት ያንብብ።