ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆንብን

የማርች ወር በመጣ ቁጥር፥ እዚህ አሜሪካ በምንማረው መካከል ከፈተና ጭንቀት የማያንስ ሌላ ጭንቀት ይነሣል። ይኸውም የፋንታሲ ቤዝቦል ተጫዋቾች የሚመረጡበት ቀን መቃረቡ ነው። ጨዋታውን ለማያውቁ አንባቢዎቻችን ባጭሩ ለመግለጽ ያህል፥ ተሳታፊው በእውነተኛው ሊግ ካሉት ተጫዋቾች በስም ብቻ አንድ ቡድን ያቋቁማል፤ እነርሱ በሜዳ የሚያስመዘግቡት ውጤት ለእርሱ ነጥብ ይሆንለታል። ዳንኤል ኦክረንትና ወዳጆቹ በ1980 በኒው ዮርክ ያስጀመሩት ይህ ዐይነት ውድድር ዛሬ መምህራንና ተማሪዎችን ባንድ ጠረጴዛ ያስቀምጣል።

ባለፈው ምርጫ ግን አንድ ነገር ታዝበናል። ብዙዎቻችን የተፈተነውን ተጫዋች ትተን፥ ስሙ ስለ ገነነ ብቻ ገና ላልተፈተነ ወጣት በውድ ዋጋ ተሻማን። ወጣቱ ሳይሳካለት ሲቀርም ስሙ በመመገቢያው አዳራሽ ሲረገም ሰማን። ጥፋቱ የማን ነው?

የጃክሰን ሆሊዴይን ነገር እንመልከት። በ2022 የባልቲሞር ኦሪዮልስ ከሁሉ አስቀድሞ የመረጠው ይህ ወጣት፥ በ2024 መግቢያ ላይ ከተስፈኞች ሁሉ አንደኛ ይባል ነበር። በኤፕሪል ወደ ላይኛው ሊግ ሲገባ ግን፥ በመጀመሪያዎቹ 10 ጨዋታዎች 34 ጊዜ ለመምታት ቆሞ የተሳካለት 2 ጊዜ ብቻ ነበረ፤ ወዲያውም ወደ ታችኛው ሊግ ተመለሰ። በዚያው ዓመት የሚልዎኪው ጃክሰን ቹሪዮ 21 ሆም ረን መትቶ 22 ቤዝ ሰረቀ። ሁለቱም ጃክሰን፥ ሁለቱም የ20 ዓመት ልጆች፥ ሁለቱም የተወደሱ ነበሩ። በማርች ላይ ሁለቱን በእርግጠኝነት ሊለይ የሚችል አልነበረም።

ወጣት አይመረጥ አንልም። ማይክ ትራውት በ2011 በ19 ዓመቱ ገብቶ በ40 ጨዋታዎች የመምታት አማካዩ 0.220 ብቻ ነበረ። በ2012 ግን አማካዩን 0.326 አድርሶ፥ 30 ሆም ረን መትቶ፥ 49 ቤዝ ሰርቆ የአሜሪካን ሊግ የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ። እንግዲህ ጥያቄው «ልጁ ይደርሳል ወይ?» ብቻ አይደለም፤ «መቼ ይደርሳል? እስኪደርስስ ምን አጣለሁ?» የሚለውም ነው። ሆሊዴይ በ2025 የቡድኑ ቋሚ ተጫዋች ሆኗል፤ በ2024 ውድ ዋጋ ለከፈለበት ሰው ግን ያን ዓመት የሚመልስለት የለም።

በተለመደው የጨረታ ደንብ 260 የጨዋታ ዶላር ለ23 ተጫዋቾች ይከፋፈላል። ከዚህ 25 ዶላር ላልተፈተነ ስም ማዋል ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ነው። 2 ዶላር ቢጠፋ ግን ቡድን አይፈርስም። ስለዚህ የስፖርት ኮሚቴያችን ለእያንዳንዱ ቡድን ሁለት የወጣቶች መጠባበቂያ ቦታ እንዲፈቅድና፥ የተመረጠውም ወጣት ወደሚቀጥለው ዓመት እንዲሸጋገር እናሳስባለን። ያን ጊዜ ተስፋ ያደረገ ሁሉ ለመታገሥ ጊዜ ያገኛል።

ጨዋታ ነው ብሎ የሚያልፈው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን እኛም ሥራችን ሳይታይ «የአገር ተስፋ» ተብለን የተሸኘን ነን። ውዳሴውን የጠየቅነው እኛ አይደለንም፤ ብንዘገይ ግን የምንወቀሰው እኛው ነን። የዚህን ክብደት የምናውቅ ሰዎች፥ በገዛ ግምታችን ስንከስር የ20 ዓመት ልጅ መርገም አይገባንም።