የአባባ ቮልስ



በደብረ ማርቆስም ሆነ በደጀን፣ ከግቢ ጥግ ሸራ ለብሳ የቆመች አሮጌ ቮልስዋገን ያለችበት ቤት አይጠፋም። ብዙ ጊዜ መኪናዋ የአባት ናት። እርሳቸው ካረፉ በኋላ ቁልፉን ያነሣ የለም፤ እናት ለመሸጥ አንጀታቸው አልቻለም፣ ልጆችም ለማሠራት እጃቸው አጠረ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ግን፣ «የአባባ መኪና እኮ አለች! ለጥር ሠርግ እናድርሳት» የሚል ልጅ ቢነሣ አያስደንቅም።

ሐሳቡ ደግ ነው። ቮልስ የዋዛ መኪና አይደለችም። የመጨረሻዋ ከሜክሲኮ ፋብሪካ የወጣችው በሐምሌ 1995 ዓ.ም. ሲሆን፣ እስከዚያ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። ነገር ግን ለዓመታት የቆመችን መኪና ባትሪ ተውሶ ወይም የሰፈር ጎረምሳ ሰብስቦ በግፊ ማስነሣት ሞተሩን ይጎዳል፤ ሰውንም ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ እናቶች፣ ቁልፉን ከመስጠታችሁ በፊት መካኒኩን እነዚህን ጠይቁት።

መጀመሪያ የአይጥ ጎጆ ይፈለግ። ቮልስ ራዲያተር የላትም፤ ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በቆርቆሮ ሽፋን ውስጥ በሚያልፍ ነፋስ ነው። አይጥ እዚያ ጭድና ጨርቅ ካከማቸች ነፋሱ ይታፈናል፣ ሞተሩም ከልክ በላይ ይግላል።

ሁለተኛ፣ የከረመ ቤንዚን ይበላሻል፤ እንደ ሙጫ ሆኖ ካርቡሬተሩን ይደፍናል። ስለዚህ ታንኩ ተራግፎ ይታጠብ። የቤንዚን ቱቦዎቹ ሁሉ በአዲስ ይለወጡ። የደረቀ ቱቦ በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን ሲያንጠባጥብ የተቃጠሉ ቮልሶች ብዙ ናቸው።

ሦስተኛ፣ የሞተር ዘይቱ ይቀየር፤ 2 ሊትር ተኩል ያህል ይበቃታል። አራቱ ካንዴላዎች ተፈትተው በየቀዳዳው ጥቂት ዘይት ጠብ ይደረግና ይደር። በማግስቱ ሞተሩ በእጅ፣ በቀስታ ይዙር። እምቢ ካለ መታገል አያስፈልግም፤ ዘይት ጨምሮ መጠበቅ ይሻላል። በእጅ ሳይዞር ሞተሪኖ አይነካ።

አራተኛ፣ ባትሪው ከኋላ መቀመጫ ሥር ነው። የመቀመጫው ሽቦ የባትሪውን ጫፎች ከነካ እሳት ሊነሣ ስለሚችል ሽፋን ይደረግለት። የድሮዎቹ ባለ 6 ቮልት ናቸውና በ12 ቮልት ባትሪ እንዳያስነሧት ተጠንቀቁ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ፍሬን ነው። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል፤ በየክረምቱ የቆመች መኪና የፍሬን ቧንቧ ከውስጥ ይዝጋል፣ ላስቲኩም ይደርቃል። ብዙዎቹ የድሮ ቮልሶች የአራቱም እግር ፍሬን በአንድ መሥመር የተያያዘ ነው። አንዱ ቱቦ ከፈነዳ ፔዳሉ ወለል ይነካል፣ አራቱም እግር አይይዝም። ከደጀን ወደ አባይ የሚወስደው ቁልቁለት ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል። እዚያ ፔዳሉ ባዶ ሲሆን የሚሆነውን መናገር አያሻም። ስለዚህ የፍሬኑ ላስቲክና ቱቦ ሁሉ ተለውጦ፣ ጎማዎቹም በአዲስ ተተክተው ሳታዩ ማንም አይሳፈር። የጎማው ጥርስ ቢያምርም በዕድሜ የተሰነጠቀ ጎማ ይፈነዳል።

የደብረ ማርቆስ ብርድ ማሞቂያዋን ያስመኛል። ሙቀቱ የሚመጣው ግን ከጭስ ማውጫው ዙሪያ ነው፤ እርሱ ከዛገ መርዛማው ጭስ ሕፃናት ወደተቀመጡበት ይገባል። ሳይመረመር አይከፈት። የመጀመሪያው ማስነሣትም ከቤት ውጭ፣ በሜዳ ላይ ይሁን።

ከመካኒኩ በፊት ደግሞ የቤተሰብ ሸንጎ አለ። ሊብሬው በሟች ስም ከሆነ የወራሽነት ማስረጃ ያስፈልጋል። ዓመታዊ ምርመራና የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስም ግዴታ ነው። ወጪውን ማን ይሸፍናል? መኪናዋስ ስትነሣ የማን ትሆናለች? ይህን ሳይነጋገሩ የጀመሩ ወንድማማቾች በአባታቸው መኪና ይቀያየማሉ። እናት ባሉበት ተቀመጡ፤ ከዚህ በላይ አናወጣም የምትሉትን ገንዘብ ቁረጡና ጻፉት። ወጪው ከዚያ ካለፈ መሸጥም አባትን መካድ አይደለም። መኪናዋን አክብሮ የሚይዝ ሰው ካገኛችሁ እርሳቸውም ባልከፋቸው ነበር።

ለጥር ካልደረሰች ሙሽሮቹ በኪራይ መኪና ይሂዱ። ቮልሷ ተጠግና ስትወጣ መጀመሪያ በሜዳ ላይ በዝግታ ተነድታ ፍሬኗ ይፈተን፤ ከዚያ በከተማ ውስጥ ጥቂት ሳምንት ትሥራ። አባይን የምትሻገረው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያን ቀን እናትን ከፊት አስቀምጧቸው።