ስኳር በሽታ የያዛት ልጅና የወላጆችዋ ምስጢር

ልጅ ውሃ ጠጥታ አልረካ ስትል፥ ሌሊት ሽንት እየደጋገመ ሲያስነሣት፥ እየበላችም ስትከሳ ታይታ፥ ሐኪም ደምዋን መርምሮ «ስኳር በሽታ ነው» ያለ እንደ ሆነ በቤቱ የሚገባው ኀዘን ቀላል አይደለም። እናት «ከረሜላ አብዝቼባት ነው» ብላ ራስዋን ትወቅሳለች፤ አባት ከዘሩ መካከል በሽተኛ ይፈልጋል። ሁለቱም በከንቱ ይደክማሉ። በልጆች ላይ በብዛት የሚታየው አንደኛው ዓይነት ስኳር በሽታ ጣፋጭ በመብላት አይመጣም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ በቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚሠሩትን ሕዋሳት ስለሚያጠፋቸው የሚደርስ ነው።

በጥር ወር 1914 ዓ.ም. በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ ለአንድ ታዳጊ ልጅ ኢንሱሊን በመርፌ እስከ ተሰጠ ድረስ፥ ይህ ሕመም የያዘው ልጅ ብዙ አይቆይም ነበር። ዛሬ ግን መርፌውን በየቀኑ በሥርዓት የሚወስድ ልጅ ተምሮ ለወግ ለማዕርግ ይበቃል።

እኛን ይልቁን የሚያሳስበን ወላጆች ሕመሙን መሸሸጋቸው ነው። «ነገ ማን ያገባታል» በማለት ልጂቱ በጓዳ ትወጋለች፤ ለአስተማሪም አይነገርም። የጎረቤት አፍ ክፉ መሆኑን እናውቃለን፤ ፍርሃታቸውንም አንንቅም። ነገር ግን አንድ ቀን መርፌዋን ወስዳ ቁርስዋን ሳትጨርስ የሄደች ልጅ፥ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላብ ያጠምቃታል፤ እጅዋ ይንቀጠቀጣል፤ የተጠየቀችውን ትታ ሌላ ትመልሳለች። ነገሩን ያላወቀ አስተማሪ ባለጌ መስላው ከሰሌዳው አጠገብ ያቆማታል፤ እርስዋም በዚያው ራስዋን ስታ ትወድቃለች። ያወቀ አስተማሪ ግን ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ያጠጣታል፤ በ15 ደቂቃ ውስጥ ካልተሻላት ይደግምላታል። (ለስኳር በሽተኛ ስኳር መስጠት ለሰሚው እንግዳ ነው፤ በዚያች ሰዓት ግን በደምዋ ያለው ስኳር ከመጠን በታች ወርዶአል።) ራስዋን የሳተች እንደ ሆነ እንዳትታነቅ በአፍዋ ምንም ሳይጨምር ፈጥኖ ሐኪም ቤት ያድርሳት።

ጠበል ገብታለች ተብሎ መርፌውን ማቋረጥም ሌላው የምናዝንበት ነገር ነው። ጠበሉንም ጸሎቱንም የሚከለክል የለም፤ መርፌው ግን አብሮ ይሂድ። መርፌው ከተቋረጠ በጥቂት ቀን ውስጥ ትውከትና የትንፋሽ መቸኮል ይከተላል፤ ሞትም ከዚያ ሩቅ አይደለም። ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት ብልቃጡን በእርጥብ አሸዋ በተከበበ ማሰሮ ውስጥ ከድኖ በጥላ ያኑረው።

እንግዲህ ልጂቱ ከሐኪም ቤት ወጥታ ወደ ትምህርትዋ በምትመለስበት ቀን አባት ወይም እናት አብረው ሄደው ለክፍሉ አስተማሪ በግልጥ ይንገሩ፤ በወረቀት የተጠቀለለ ስኳርም ያስረክቡ። አስተማሪውም በመሳቢያው ያኑረው፤ በትምህርት መካከል ወደ ሽንት ቤት ልሂድ ወይም ውሃ ልጠጣ ስትለውም አይከልክላት።