«አፉን ይፈታል» እያልን ስንጠብቅ

ባለፈው ሳምንት በአርሞን ሃናጺቭ አንድ ቤት ቡና ተጠርተን ሄደን ነበር። ሦስት ዓመት ሊሞላው የቀረበው የቤቱ ልጅ ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ የጠርሙስ ክዳን ሲያሽከረክር ቆየ። እናቱ ደጋግመው በስሙ ቢጠሩትም ዞር አላለም። አውቶቡስ ሲያልፍ ግን ወደ መስኮቱ ሮጠ። የ«ቲፓት ሐላቭ» ነርስ ወደ ልጆች እድገት መመርመሪያ፣ ማለትም ወደ «ሂትፓትሑት ሃየሌድ» እንዲወስዱት ወረቀት ጽፋላቸዋለች። ወረቀቱ ሁለት ወር በመሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል።

እናቱ «ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው፤ ደግሞም ሁለት ቋንቋ ተደበላልቆበታል» አሉን። አያቱ ዓይን ነው ይላሉ፤ በአገራችን እንዲህ ያለ ነገር አልነበረምም ይላሉ። ነበረ እንጂ! ወ/ሮ ዘሚ የኑስ ለልጃቸው የሚሆን ቦታ ቢያጡ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የተባለውን የኦቲዝም ማዕከል ከፍተዋል። አባትየው የፈሩት ሌላ ነው፦ «ኦቲስት የሚል ወረቀት አንዴ ከወጣ ልጄን ልዩ ትምህርት ቤት ይጥሉብኛል።»

ይህን ፍርሃት አንንቅም። ልጆቻችን ቋንቋ ስላልቻሉ ብቻ ወደ ልዩ ትምህርት ተላኩ የሚለው ቅሬታ ለዓመታት ሲሰማ የኖረ ነው። ሆኖም የ1988ቱ የልዩ ትምህርት ሕግ በ2018 ሲሻሻል፣ ልጁ በመደበኛ ወይስ በልዩ ክፍል ይማር የሚለውን ምርጫ በአብዛኛው ለወላጅ ሰጥቷል። ፈርሙ ሲሏችሁ ያልገባችሁን አትፈርሙ።

ሁለት ቋንቋ ልጅን ኦቲስት አያደርግም። ኋላ በኢየሩሳሌም ኢትዮጵያ ጎዳና የኖረው ኤሊዔዘር ቤን ይሁዳ የመጀመሪያ ልጁን በዕብራይስጥ ብቻ ሲያሳድግ፣ ልጁ አፉን ሳይፈታ ዘገየና ሰዉ ቋንቋውን ወቀሰ ይባላል። ያ ልጅ፣ ኢታማር ቤን አቪ፣ አድጎ ጋዜጠኛ ሆነ። ስለዚህ የዘገየ ሁሉ ኦቲዝም አለበት አንልም። የሚለየው ምርመራ ነው።

እኛ ልጅ ታላቁን ዓይን ለዓይን እንዳያይ አድርገን እናሳድጋለን። መርማሪዋ ይህን ላታውቅ ትችላለችና ንገሯት። ግን ቤት ውስጥ እናቱን ያያል ወይ? የፈለገውን በጣቱ ያሳያል ወይ? ሲጠሩት ይዞራል ወይ? ይህ ከጨዋነት ጋር አይገናኝም።

ውሳኔው የአንድ ሰው አይደለም፤ ስፔሻሊስት ሐኪምና ሳይኮሎጂስት ሁለቱም ያዩታል። ኦቲዝም ነው ከተባለ ከ«ኩፓት ሖሊም» የንግግርና የመሳሰለው ሕክምና፣ ከ«ቢቱዋሕ ሌዑሚ» የአካል ጉዳተኛ ልጅ አበል ይጠየቃል። ለትንንሾቹ በ2000 በወጣው ሕግ መሠረት ከ3 ዓመት በታች ያሉትን የሚቀበል መዋያ አለ፤ ከ3 ዓመት ጀምሮ ደግሞ «ጋን ቲቅሾሬት»። ያለ ወረቀቱ እነዚህ አይገኙም፤ ዕድሜው ደግሞ አይጠብቅም።

እናትየዋ ለማስተርጎም የአሥር ዓመት ልጃቸውን ይዘው ሊሄዱ አስበው ነበር። አይሆንም አልናቸው። ስለ ታናሽ ወንድሟ እንዲህ ያለ ነገር በአፏ ማስተላለፍ የሕፃን ሥራ አይደለም። የጤና ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ መሠረት ማስተርጎም የጤና ተቋማቱ ኃላፊነት ነው። ቀጠሮ ስትይዙ «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» በሉ።

ከመነሳታችን በፊት አባትየው ወረቀቱን ከመሳቢያው አወጡ። ስንደውል የተሰጠን ቀጠሮ ከአምስት ወር በኋላ ነው። ቀጠሮ የሚሰርዝ ሰው ከተገኘ እንዲጠሯቸው ስማቸውን አስመዝግበን ወጣን።