ዘሩን የሰጠው፣ ሽልማቱንም የሚሰጠው

እስቲ የመስክ በዓል ላይ ያጨበጨባችሁ እጃችሁን አውጡ! ቆላው ይፋት ውስጥ፣ ሸዋሮቢት ዙሪያ፣ ማሾው ሲያፈራ እንግዳ ይጠራል፣ ማሳ ይጎበኛል። ቆይቶ «ሞዴል አርሶ አደር» ይመረጥና የምስክር ወረቀት፣ ከቀናውም የውሃ ፓምፕ ይሸለማል።

መራጩ ማነው? ብዙ ጊዜ ምርጥ ዘሩን ያደለው፣ «በመስመር ዝሩ» ያለው የግብርና ባለሙያ አለበት። ማሳው ካማረ የሱም ሪፖርት ያምራል። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ! ሌባ ነው አልወጣኝም፤ በዚያ ሐሩር ሲንከራተት የሚውል ሰው ነው። ግን የራሱን ፈተና ራሱ እያረመ ነው። ዘሩን ያልወሰደው ገበሬ ማሳ ማን ያየዋል?

ጋዜጠኝነት ስንማር «ዘመዳችሁን የሚመለከት ዜና ለሌላ ስጡ» ተብለናል። (እንዴት እንደምንተገብረው አትጠይቁኝ።)

አይቻልም እንዳትሉኝ። በ2012 ዓ.ም. «ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ» የተባለው የቡና ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲካሄድ ቀማሾቹ የሚያውቁት የናሙናውን ቁጥር እንጂ ባለቤቱን አልነበረም። አንደኛ የወጣው የሲዳማው አርሶ አደር ንጉሴ ገመዳ ቡና በጨረታ አንዱ ፓውንድ 185 ዶላር ከ10 ሳንቲም ተሸጠ።

ማሳ በቁጥር አይደበቅም፣ እሺ። እንግዲያው የቀወትን ማሾ የሌላ ወረዳ ባለሙያ ይዳኘው። ዘር ያደለ ሰው ከዳኝነቱ ይነሳ። ነጥቡም ቀበሌው በር ላይ ይለጠፍ፤ ሁለተኛ የወጣው በምን እንደተበለጠ ይይ። ፓምፑ እኮ ቀልድ አይደለም፤ ሮቢ ወንዝ ዳር መሬት ላለው ሰው በበጋ የሚለማ አንድ ማሳ ሽንኩርት ነው።